ያልታጠበ ዕቃ አይመክንም፦ ስለ ወይን ጠመቃ ንጽህና ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ቤት ውስጥ ወይን ጠጅ ለሚጠምቁ ሰዎች የተጻፈ አንድ የንጽህና ምክር ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ነበር። ሦስት ሰዎች ለየብቻ ልከውልኛል። ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት ያስታውቃል፤ አጻጻፋቸውም ቶሎ ይገባል። ችግሩ ግን ጀማሪ ሰው ያሉትን አንድ በአንድ ቢከተል ወይኑ ይበላሽበታል። አንዱ ምክራቸው ደግሞ ከወይኑም አልፎ ሳንባ ይጎዳል። ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው የጻፍኩት።

ላላነበባችሁት፣ ጽሑፉ በአጭሩ እንዲህ ይላል። ወይን አልኮል ስላለው ጀርም አይኖርበትም፣ ስለዚህ ስለ ንጽህና ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ማጠብና ማምከን አንድ ሥራ ነው፣ ሁለቱንም በአንድ ባልዲ መጨረስ ይቻላል። ለዚህ ደግሞ በረኪና ይበቃል፣ ኮምጣጤ ሲጨመርበት የበለጠ ይበረታል። በረኪና የማይፈልግ ሰው ቁንጥር ሜታባይሰልፋይት፣ ሰልፋይት የሚባለውን የማምከኛ ዱቄት፣ ውሃ ላይ ጣል አድርጎ ዕቃውን ያለቅልቅበት። ጠርሙስና ቡሽ በፈላ ውሃ ይመክናሉ። ዕቃ የሚታጠበውም ልንጠቀምበት ስንል ነው።

ከአልኮሉ ልጀምር፤ የሌላው ስህተት ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነውና። ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። ወይን አሲድም አልኮልም ስላለው ሰውን የሚያሳምሙ የተለመዱ ባክቴሪያዎች እዚያ ውስጥ አይመቻቸውም። የተበላሸ ወይን አብዛኛውን ጊዜ ጣዕሙ ይጠፋል እንጂ ሰው አይመርዝም። እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ግን ዕቃ የምናጸዳው ወይኑን ለማዳን ነው፣ ወይን የሚያበላሹት ደግሞ ሌሎች ናቸው።

እጃችን ላይ የምናፈሰው አልኮል 70 በመቶ አካባቢ ነው። ወይን 12 ወይም 13 በመቶ ነው። በዚህ መጠን የማይሞቱ ብዙ ናቸው። አሴቶባክተር የሚባለው ባክቴሪያ እንዲያውም አልኮሉን ምግቡ ያደርገዋል። አየር ካገኘ አልኮሉን እየበላ ወደ ኮምጣጤ አሲድ ይለውጠዋል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ወይንን ኮምጣጤ የሚያደርገው ሕይወት ያለው ነገር እንደሆነ፣ ለሥራውም አየር እንደሚፈልግ። የበሰለ ፍሬ ላይ የሚያንዣብቡት ትንንሾቹ ዝንቦች ይህን ባክቴሪያ ከቦታ ቦታ ያመላልሱታል። ብሬታኖማይሲስ የሚባል እርሾም አለ፤ አልኮል አይበግረውም፣ ወይኑንም የፈረስ ጋጣ ወይም የቁስል ፋሻ እንዲሸት ያደርገዋል።

አንድ የተረሳ ነገር ደግሞ አለ። ጭማቂው ባልዲው ውስጥ በሚገባበት ቀን አልኮል የሚባል ነገር የለም። እርሾው ሥራውን እስኪጀምር ድረስ ያለን ስኳር ያለው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው፤ ባልዲው ግድግዳ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ነገር ቀድሞ ይደርስበታል። ይጠብቀናል የተባለው አልኮል ገና አልተሠራም።

ይህን የተማርኩት 20 ሊትር ቀይ ወይን ደፍቼ ነው። ባልዲውን አጥቤዋለሁ፣ አምክኜዋለሁ፣ ክዳኑንም እንዲሁ። ሁለት ወር ቆይቼ ስቀምሰው አፍንጫዬ ጋር ሳይደርስ ኮምጣጤ ሸተተኝ። ምክንያቱን ለማግኘት ሁሉንም ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አየሁ። በመጨረሻ የባልዲውን ቧንቧ ፈታሁት። ከገዛሁት ጀምሮ ፈትቼው አላውቅም ነበር። ሦስት ክፍል ነው፦ አካሉ፣ የሚዞረው እጀታ እና የጎማው ቀለበት። እጀታው አካሉ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ዙሪያውን ሐምራዊና ዝልግልግ ያለ ነገር ተጋግሯል። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ስስ ቆዳ ተልጦ መጣ። ሽታው ቁርጥ ኮምጣጤ ነበር። ከዚያ በፊት በዚያ ቧንቧ ውስጥ ማምከኛ ስንት ጊዜ እንዳሳለፍኩ አልቆጠርኩትም። ላይ ላዩን አልፎ ሄዷል እንጂ ወደ ውስጥ አልገባም።

ማጠብና ማምከን አንድ ሥራ ነው የሚለውን የማልቀበለው ለዚህ ነው። ማጠብ በዓይን የሚታየውንና በጣት የሚዳሰሰውን ማስወገድ ነው፤ የፍሬ ቅሪት፣ አተላ፣ ቀለም፣ የደረቀ አረፋ። ማምከን ከዚያ በኋላ የቀረውን የማይታየውን መምታት ነው። በነገራችን ላይ ቤት ውስጥ የምናደርገው ፍጹም ማምከን አይደለም፤ የሕያዋኑን ቁጥር እርሾው ሊያሸንፈው ወደሚችለው ደረጃ ማውረድ ነው። ሌላ አጭር ቃል ስላላገኘሁ ማምከን እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቅደም ተከተሉን ማዛባት ለምን አይቻልም? ማምከኛ ቆሻሻ ሲያገኝ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። ክሎሪንም ይሁን አዮዲን፣ ከጀርሙ ጋር ብቻ ሳይሆን ካገኘው የፍሬ ቅሪት ሁሉ ጋር ይዋሃዳል። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ተደራርበው ሲቀመጡ እንደ ሙጫ ያለ ነገር ይሠራሉ፣ ውስጥ ያሉትን ይሸፍናቸዋል። እኔ ቧንቧው ውስጥ ያገኘሁት እሱን ነው። እሱን የሚያነሳው መዘፍዘፍና መፈተግ ነው።

ለማጠብ እኔ የምመርጠው ሶዲየም ፐርካርቦኔት ነው። ሽታ የሌለው ነጭ ዱቄት ነው። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ሶዲየም ካርቦኔት ይሆናል፤ የመጀመሪያው ቀለምና ቅሪት ያላቅቃል፣ ሁለተኛው የተጣበቀውን ያለሰልሳል። ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቅ ውሃ ግማሽ ሰዓት ብትዘፈዝፉት አብዛኛው ነገር ሳትፈትጉ ይለቃል። ጎን ላይ እንደ ስኳር የሚጋገረውን የወይን ጨው፣ ታርታር የሚባለውን፣ ጭምር ያሟሟዋል። ዱቄቱ ውሃ ውስጥ እያለ ግን ዕቃውን ጥርቅም አድርጋችሁ አትክደኑ፤ ኦክስጅን ስለሚለቅ ዕቃው ይነፋል። ውሃችሁ ጨው የሚበዛበት ከሆነ ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ ይተዋል፤ ጥቂት ሲትሪክ አሲድ ባለበት ውሃ ስታለቀልቁት ይጠፋል።

ይህ ዱቄት አልካላይ ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው። ብዙዎቹ ጥሩ ማምከኛዎች ደግሞ የሚሠሩት አሲድ ሆነው ነው። ሁለቱን አንድ ባልዲ ውስጥ ስትቀላቅሏቸው አንዱ ሌላውን ያዳክመዋል፣ ሁለት ነገር ገዝታችሁ አንዱንም አልተጠቀማችሁም። ስለዚህ እጠቡ፣ በደንብ አለቅልቁ፣ ከዚያ አምክኑ።

የዕቃ ሳሙና ይሆናል ወይ ለሚለው፣ ሽታ የሌለው ከሆነና ብዙ ጊዜ ካለቀለቃችሁት ይሆናል። ሽታ ያለው ግን ፕላስቲክ ውስጥ ይቀራል። ፕላስቲክ ላይ ሻካራ ነገርም አታሳርፉ። የድስት ሽቦ የሚያወጣው ጭረት በዓይን ባይታይም ለባክቴሪያ ጉድጓድ ነው። ለስላሳ ስፖንጅ ይበቃል።

አሁን ወደ በረኪናው። እዚህ ላይ ለስለስ ማለት አልችልም። በረኪና ላይ ኮምጣጤ አትጨምሩ። ሲትሪክ አሲድም፣ ሎሚም፣ ሌላ ማንኛውም አሲድ አትጨምሩ። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ አሲድ ሲያገኝ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል፣ ሲበዛም ይገድላል። ጸሐፊው ይበረታል ያሉት ከምን እንደመጣ ይገባኛል፤ በረኪና አልካላይነቱ ሲቀንስ ጀርም የመግደል ኃይሉ በእርግጥ ይጨምራል። ግን ያንን በመሣሪያ እየለካ የሚሠራ ባለሙያ ሌላ ነው፣ በሾርባ ማንኪያ እየገመተ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚቀላቅል ሰው ሌላ ነው። ጽሑፉን ለሌላ ሰው የላካችሁ ካላችሁ እባካችሁ ይህችን አንቀጽ ብቻ እንኳ አስከትላችሁ ላኩለት።

ኮምጣጤውን ብንተወውም በረኪናው ራሱ ሌላ ችግር አለበት፣ ይህኛው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ክሎሪን እንጨትና ቡሽ ውስጥ ካሉት ፌኖል የሚባሉ ውህዶች ጋር ሲገናኝ ክሎሮፌኖል ይፈጠራል። ሻጋታ ደግሞ ክሎሮፌኖሉን ወደ ትራይክሎሮአኒሶል ይለውጠዋል፤ በአጭሩ ቲ.ሲ.ኤ. ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1982 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ወይን ላይ የሚመጣው የቡሽ ሽታ ከዚህ ውህድ እንደሚነሳ አሳዩ። እርጥብ ካርቶን ይሸታል፣ የፍሬውን መዓዛ ሁሉ ይውጠዋል። የሚያስፈራው ደግሞ የሚበቃው መጠን ትንሽነት ነው፤ በአንድ ሊትር ወይን ጥቂት ናኖግራም ቢገባ አፍንጫ ያውቀዋል። አንድ ናኖግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው። የቡሽ አምራቾች ቡሽን በክሎሪን ማንጣት ትተው ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የዞሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

እውነቱን ለመናገር መስታወት ላይ ብቻ በቀጭኑ ተጠቅማችሁ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ብታለቀልቁት ወይኑ ላይበላሽ ይችላል። ለዓመታት እንደዚያ የሠሩ ሰዎች አውቃለሁ። ግን በረኪና ያለበት ክፍል ውስጥ የእንጨት በርሜል፣ ቡሽ፣ የካርቶን ሳጥን አይጠፋም። የማይዝግ የሚባለውን ብረትም ውሎ ሲያድርበት ነቁጥ ነቁጥ እያደረገ ይበላዋል። የተሻለ ነገር እያለ ይህን ሁሉ መጠንቀቅ ለምን ያስፈልጋል? እኔ በረኪና ወይን የምሠራበት ክፍል ውስጥ አላስገባም።

ቁንጥር ሜታባይሰልፋይት ይበቃል የሚለው ምክር ሁለት መጠኖች ተምታተው የመጣ ይመስለኛል። ወይኑ ውስጥ የሚጨመረው በእርግጥ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሊትር 0.1 ግራም እንኳ አይሞላም። ዕቃ ለማምከን የሚያስፈልገው ግን የዚያ 100 እጥፍ ገደማ ነው። እኔ ለ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ፖታሺየም ሜታባይሰልፋይትና 10 ግራም ሲትሪክ አሲድ አደርጋለሁ፣ ዕቃውን 10 ደቂቃ ያህል አርሶ እንዲቆይ እተወዋለሁ። ሲትሪክ አሲዱን አትዝለሉት። ጀርሙ ላይ በዋናነት የሚሠራው በሰልፈር ዳይኦክሳይድ መልክ ያለው ክፍል ነው፣ የሱ መጠን ደግሞ በአሲዱ ይወሰናል። የአሲድነት መለኪያው ፒ.ኤች. ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። ፒ.ኤች. 3 ላይ ከነፃው ሰልፋይት፣ ማለትም ከሌላ ነገር ጋር ካልተዋሃደው፣ 6 በመቶ የሚሆነው በዚያ መልክ ይገኛል፤ ፒ.ኤች. 4 ላይ ግን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ያለ አሲድ ቁንጥር ጣል ያደረገ ሰው ሽታ ያለው ውሃ ነው ያዘጋጀው።

እንደዚያም ሆኖ ሰልፋይት ጀርሞቹን ከመግደል ይልቅ እንዳይባዙ ማገዱ ይበልጣል፣ የሚቋቋሙት እርሾዎችም አሉ። ስለዚህ በደንብ የታጠበ ዕቃ ላይ ነው የምተማመንበት። መስኮት ክፈቱ፣ ፊታችሁን ከባልዲው አርቁ። አስም ያለበት ሰው ከነአካቴው ባይነካው እመርጣለሁ፤ ጽሑፉ ይህን አንድም ቦታ አለማንሳቱ ቅር ብሎኛል።

ከእሱ የሚሻሉም አሉ። ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት አረፋማው ማምከኛ በመመሪያው መሠረት ሲበጠበጥ በአንድ ሁለት ደቂቃ ሥራውን ይጨርሳል፣ ማለቅለቅም አያስፈልገውም። አረፋው ያስፈራችኋል፣ አውቃለሁ፤ ተዉት፣ ወይኑን አይጎዳውም። አዮዲን ያለበትም አለ፤ በአንድ ሚሊዮን 12.5 ክፍል ሲሆን እንዲሁ ሳይለቀለቅ ያገለግላል፣ ፕላስቲክ ላይ ግን ቡኒ ቀለም ይተዋል። ከሁለቱ የትኛውንም ብትመርጡ ከመጠን በላይ አታወፍሩት። አይለቀለቅም የተባለው በተጻፈው መጠን ሲበጠበጥ ነው።

ስለ መሳቢያ ጎማው ጸሐፊው ያሉት ልክ ነው። ውስጡ ስለማይታይ በየጊዜው መቀየር አለበት። አንድ ነገር ልጨምርበት፦ ወይኑን ከዕቃ ወደ ዕቃ ለማሳለፍ በአፋችሁ አትሳቡት። አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ቀጥታ ይገባል። ጎማውን ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ ጀምሩት፣ ውሃው ወደ ሌላ ዕቃ ይውጣ፣ ወይኑ ይከተላል።

የጠርሙሱ ነገር ሰፋ ያለ ነው። ሙቀት ያመክናል፤ ይህን አልክድም። የወይን ፋብሪካዎች የጠርሙስ መሙያ መሣሪያቸውን 82 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ያጥባሉ። ቁልፉ 20 ደቂቃዋ ናት። ጠርሙስ ውስጥ የፈሰሰ የፈላ ውሃ ግን ወዲያው መቀዝቀዝ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ደግሞ ቀዝቃዛው መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ትልቁ ጠርሙስ ላይ ይህ ሲደርስ እጅ ላይ የሚተርፈው ቁስል ቀላል አይደለም። በሙቀት መሥራት የፈለገ ሰው ኦቨን ይጠቀም፤ ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ቀስ እያለ ሞቆ 170 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ሲቆይ በደንብ ይመክናል። በሩ ሳይከፈት ግን እዚያው ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ።

ቡሽ ግን አትቀቅሉ። የተቀቀለ ቡሽ የመለጠጥ አቅሙ ይቀንሳል፣ ከውስጡም ቀለምና ጣዕም ይለቃል። አብዛኛው ቡሽ ታሽጎ የሚመጣው ንጹሕ ሆኖ ነው። ማሸጊያው ካልተቀደደ በሰልፋይት ውሃ እርጥብ አድርጎ ወዲያው መክተት ይበቃል።

ሙቀቱም ማምከኛውም የሚመጣው ጠርሙሱ ከታጠበ በኋላ ነው፤ መታጠቡን ደግሞ ዓይናችሁ ያረጋግጥ። ጠርሙሱን አንገቱን ይዛችሁ ታቹን ወደ መብራት አዙሩት፣ በአፉ በኩል ወደ ውስጥ እዩ። ታቹ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ ከሆነ ጉብታው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቀጭን ቦይ ላይ ዓይናችሁን አሳርፉ። ያገለገለ ጠርሙስ ላይ እዚያ ብዙ ጊዜ የጠቆረ ክር የመሰለ ቀለበት አለ። ቀጥ ያለ ብሩሽ አይደርስበትም። የብሩሹን ጫፍ ጎበጥ አድርጋችሁ ታቹን ዙሪያውን ፈትጉት፤ ካልለቀቀ ፐርካርቦኔት ሙሉውን ሌሊት ይደርበት። ጠዋት እንደገና መብራት ላይ እዩት። ሻጋታ የተጋገረበትና ሁለት ጊዜ ታጥቦም ያልለቀቀ ጠርሙስ ካለ ጣሉት። ባዶ ጠርሙስ ይገኛል፣ ውስጡ የሚገባው ወይን ግን የስንት ወር ድካም ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ጊዜው ነው። ዕቃ ልንጠቀምበት ስንል ይታጠባል ይላል ጽሑፉ። ማምከን እንደዚያ ነው፤ ትናንት የመከነ ባልዲ ዛሬ እንደመከነ አይቆጠርም፣ ወይኑ ከመግባቱ በፊት ነው የሚመክነው። ማጠብ ግን ዕቃው ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው። ወይኑ የተቀዳበት ጠርሙስ እዚያው ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ ቢለቀለቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያው ጠርሙስ ሦስት ወር ከሰነበተ በኋላ ግን ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ጠዋት ተፈትጎ ነው የሚነጻው፣ እሱም ከተሳካ። የታጠበውን ደግሞ እርጥብ ሆኖ አትክደኑት፤ ሻጋታ የሚወደው እሱን ነው። በአፉ ደፍታችሁ ውሃው ሙልጭ ብሎ ይንጠፍጠፍ፣ ውስጡ ሲደርቅ አፉን በንጹሕ ፎይል ሸፍኑት።

የባልዲዬን ቧንቧ አሁን ሦስቱን ክፍል ለያይቼ፣ አድርቄ፣ ባልዲው ውስጥ ነው የማስቀምጠው። በሚቀጥለው ጠመቃ እያንዳንዱን ሳልነካና ሳላጥብ ልገጥመው አልችልም።